መርፌ ፈታት

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቁመቱ የመብራት እንጨት፣ ውፍረቱ ደግሞ ከክር ትንሽ ሻል የሚል ነው። ሰፈሩ «መርፌ» ብሎ ይጠራዋል። አይቀየምም፤ «መርፌ ቀጭን ነው፤ ግን ያልገባበት የለም» ይላል። አለመዋሸቱ ነው ጉዱ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ጓሮውን ይኮተኩታል፤ እሱ ግን ሞተሯ ነክሶ አልዞር ያለ አሮጌ መኪና አስጎትቶ አመጣና ግቢው ጥግ ያለች ክፍል ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳ አድርጎ አስገባት።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። መኪናዋን ዞር ብላ አይታ «ይቺማ ምጡ አልፎባታል» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

መርፌ መኪናን የተማረው በልብስ በኩል ነው። በሮቹን «እጅጌ»፣ ኮፈኑን «ኮሌታ» ይላቸዋል። ከአሮጌ አንሶላ ባለ ብዙ ኪስ መጋረጃ ሰፍቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ የወጣ ቡሎን ሁሉ ከነዳዶው የራሱ ኪስ አለው። ከጎማው በላይ ያለውን፣ ዝገት የበላውን ፓራፋንጎ እንደ ተቀደደ የሱሪ ጉልበት ቆርጦ ያወጣና፣ ቆርቆሮ ለክቶ በጠመኔ አስምሮ ለበያጁ ይሰጠዋል። ከሁሉ በፊት የጨረሰው ግን ወንበሮቹን ነው፤ ያውም በድርብ ስፌት። ሞተር በሌላት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ያየው ሁሉ «ጉዞው ወዴት ነው?» ይለዋል።

«እስክትሞቅ ነው» ይላል፣ ፊቱን ሳያጠቁር።

ነገሩ የከረረው የአዋላጇ እናት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ነው። ለእሳቸው የምትሆን መሬት ላይ ያለች ክፍል አንዲት ናት፤ እሷም ውስጥ መኪና ተኝታለች። አዋላጇ እህቷን ልታዋልድ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ስማኝ፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ። በራሷ ሞተር ከዚህ ግቢ ከወጣች መንገድ ዳር ትቁም፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ካልወጣች ብረት ገዢውን ለቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።»

«ገፍቼ ባወጣትስ?»

«የማትሄድ መኪና መንገድ ላይ አቁምና ተቆጣጣሪዎቹ ጎትተው ይገላግሉኝ!»

«ትወጣለች» አለ መርፌ።

ሞተሩ ያኔ ታድሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በማግስቱ ግን ከሥሩ የዘይት ጠብታ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ዓይኑን ጨፈን ያደርግ ነበር። መርፌ ግን ጠማማ ስፌት አይቶ አያልፍም፤ ሙሉውን ተረተረው። ከዚያ ለመለዋወጫ ሻጩ ወዳጁ ደወለ። ጆሮው ከበድ ስለሚል ስልክ ሲያወራ ሰፈሩን ይጠራል።

«አዎ፣ ፈታኋት! ዛሬ ጠዋት! … ምን ላድርግ ታዲያ? ከላይ ስታያት ታምራለች፤ ውስጧ ነው የተበላሸው። … ኧረ ስንቱን ታገስኳት!»

ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት በቅጽል ስሟ «ሬዲዮ» ትባላለች። ትንሽ ብትታገስ «የሚያፈሰውን ጋስኬት ቀይሬ መልሼ እገጥማታለሁ» ሲል ትሰማ ነበር። ግን ሰበር ዜና ይዞ ማን ዝርዝር ይጠብቃል? ሚስትየው በሻንጣ ስትወጣ በዓይኗ አይታለች፤ ባልየው «ፈታኋት» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ቅርጫቱን ከነእርጥብ ልብሱ ጥላው ሄደች። ወሬው ከዳቦ ቤት ወደ ፀጉር ቤት እየዞረ የአዋላጇ ታላቅ ወንድም ዘንድ እስኪደርስ፣ መርፌ ልጅ እግር ሚስት እንኳ ተጨምራለት ነበር። ወንድምየው ለእህቱ ደጋግሞ ደወለ። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ያለች አዋላጅ ስልክ አታነሳም።

ቅዳሜ ሲነጋ ሞተሩ ያለ እንከን ተገጥሟል። የቀረው ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ መኪናዋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ እሱ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን ከመኪናዋ ካወጡለት ጎረቤቶች አንዱ እስካሁን ወገቡን ይዞ ይሄዳል፤ የተቀሩት መርፌን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። በገመድና በእንጨት ብቻውን ሞከረ። እንጨቱ ተሰበረ። ሌላ እንጨት አመጣ። እሱም ተሰበረ። ሦስተኛ ሲፈልግ በሩ በቡጢ ተደበደበ።

ወንድምየው የጭነት መኪና አለው። የእህቱን ዕቃ ሊያወጣ አራት ጫኞቹን አሰልፎ ነው የመጣው።

«ፈታሃት?» አለ፤ ሰላምታ የለ ምን የለ።

መርፌን የገረመው የወሬው ፍጥነት ነው። «አዎ ፈታኋት። ማን ነገረህ?»

«አታፍርም? ደግሞ አፍህን ሞልተህ!»

«ምን ያሳፍራል? ሳልፈታት እንዴት ትድን ነበር? ይኸው አሁን ገጥሜያታለሁ። ማንሳቱ ነው ያቃተኝ፤ እግዜር ነው ያመጣችሁ፣ አራት ጎልማሳ ይበቃታል።»

የወንድምየው ጡጫ አየር ላይ ቀረ። «አራት? … እህቴ ምን ብትከብድ ነው?»

ከጫኞቹ አንዱ በመርፌ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ። «አለቃ፣ ያቺ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ከሆነች ትከብዳለች።»

ከአጥሩ ማዶ የሬዲዮ ራስ ቀስ ብሎ ወረደ። ጫኞቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ወንድምየው ግን ፊቱ በንዴት እንደቀላ ነው። «ለብረት ብለህ ነው አራት ሰው ሥራ ያስፈታኸኝ?»

«ሥራ ከፈታችሁ ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ያዙ እንጂ!»

ያዙ። «ወደ ኮሌታው! ትንሽ ወደ ኮሌታው!» ይላል መርፌ፤ «ኮሌታው የትኛው ነው ጃል!» ይላሉ እነሱ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ። ሞተሩ ቦታው ላይ ቁጭ ሲል መርፌ ከሥር ገብቶ ማጥበቅ ጀመረ። ቡሎኖቹን ከየኪሳቸው እያወጣ የሚያቀብለው ወንድምየው ራሱ ነበር።

አዋላጇ ከነሻንጣዋ፣ ብረት ገዢው ከነጋሪው እኩል ደረሱ። እሷ ሻንጣዋን አስቀምጣ የወንድሟን ዘይት የተቀባ ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች አየችው። መርፌ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ሳል ብቻ ሆነች። ወረደ፣ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አውጥቶ አጸዳ፣ መልሶ አዞረ። አሁንም ሳል።

«ልጫን?» አለ ብረት ገዢው።

መርፌ ቁልፉን እንደገና አዞረ። በሦስተኛው ግቢው በጭስ ተሞላና ሞተሩ ያዘ። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባና እየተንደረደረ ከበሩ ወጣ። ጫኞቹ አጨበጨቡ። መንገዱ ላይ ግን አንደኛ ማርሽ ቢል እምቢ፣ ሁለተኛ ቢል እምቢ፤ የምትሰማው የኋላውን ብቻ ሆነ።

«የኋሊት መሄድ መሄድ ነው እንዴ? ይቺ የኔ ናት» አለ ብረት ገዢው።

ሁሉም ወደ አዋላጇ ዞረ። እሷ ሞተሩን ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችው።

«በእግሩ የሚመጣ ልጅም ልጅ ነው» አለች። «ስንቱን በእግሩ ተቀብያለሁ። አንተ ጋሪህን ይዘህ ሂድ። ጋሼ፣ መኪናህ ባዶ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ተለቋል፤ የእማዬን አልጋ አምጣልን።»

«እማዬን እኔ ነኝ የማመጣቸው» አለ መርፌ ከመሪው ላይ። «ወንበሩ ለእሳቸው ይመቻል።»

«የኋሊት?»

«የኋሊት።»

ተነሱ። መርፌ አንገቱን ጠምዝዞ ከፊት፣ የጭነት መኪናው ከኋላ፤ ሁለቱ መኪኖች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው፣ ወንድምየው መንገዱን ሁሉ የአማቹን ማጅራት እያየ፣ ጥግ ላይ ታጠፉ።