የእትዬ ዘርፌ የቀብር ገንዘብ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም። ለልጆቼም አልነገርኩም። ሚስቴ አስካለ መቃብር ላይ ቆሜ ስንቱን ሳወራላት፣ እዚህች ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። አሁን ለአንተ ለማላውቅህ ልናገር ነው። የማያውቁት ሰው ፊት መዋረድ ሳይቀል አይቀርም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረድብኝ፤ ፍርዱን ለነገሩ አቆየው። ነገሩ ይህ ነው፤ አንዲት ሴት አደራ ብላ የሰጠችኝን ቃል ዋጥኩት።

ሽፈራው እባላለሁ። ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በነበረው ሰፈር የእድር ጥሩንባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ሳይነጋ ተነስቼ በየደጁ የምለፍፍ እኔ ነኝ። አባል ከኮሚቴው የሚፈልገው ነገር ሲኖረው ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔ እሁድ አቀርብለታለሁ፤ መልሱን ይዤለት እሄዳለሁ። የእድሩ አፍ ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አፍ ሲናገር ይሰማል። ዝም ሲል ማን ያውቅበታል?

ያ ሰፈር ዛሬ የለም። ፈርሶ ፎቅ ወጥቶበታል፤ እኔም ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ እኖራለሁ። በእንቅልፌ ግን አልፈረሰም። የቆርቆሮ አጥሩ እንዳለ ነው። ጭጋጉ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ከለገሃር ባቡሩ ሲጮህ ድምፁ ከውሃ ስር የሚመጣ ይመስላል። እኔ ጥሩንባዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ የሞተው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከፊቴ አንድ ቀይ ውሻ ይሄዳል። በአራት እግሩ ነው የሚሄደው። ይህን ልብ በልልኝ፣ በአራት እግሩ።

ውሻው የእትዬ ዘርፌ ነው። ስሙ ቦቢ ነበር። ያኔ የሰፈራችን ውሻ ግማሹ ቦቢ ነበርና አንዱን ስትጠራ ከየአጥሩ ሌሎቹ ብቅ ይሉ ነበር፤ የእሷ ግን ሳይጠራም እግሯ ስር ነው። ደረቱ ነጭ ነው፣ አንድ ጆሮው እጥፍ ያለ ነው። እትዬ ዘርፌ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሳይወልዱ ሞተባትና በእሱ ጡረታ ትኖር ነበር። ከእኔ በዕድሜ ከፍ ትላለች፤ ሽፌ ነበር የምትለኝ።

አንድ አርብ ቀን መናኸሪያው ጋ አንድ ሚኒባስ ወደኋላ ሲመለስ ቦቢን የኋላ እግሩ ላይ ወጣበት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ታየ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ውሻ ነው እኮ ማዘር፣ ሌላ ያሳድጋሉ" ብሎ ሄደ። እሷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጠቀለለችው። እኔ በዚያ ሳልፍ አየችኝ።

"ሽፌ፣ ያዝልኝ።"

ያዝኩላት። አቅፌው ቆምኩ፤ ልቡ እጄ ላይ ይመታል። ታክሲ ሁሉ እያየን ያልፋል። በመጨረሻ አንዱ ቆመ፤ ወያላው ውሻውን አየና፣ "የሁለት ሰው ትከፍላላችሁ፤ እሱ ተኝቶ ነው የሚሄደው" አለ። እሷም፣ "የሦስትም እከፍላለሁ፤ አንተ ብቻ ቀስ በልልኝ" አለችው።

የሄድነው ከሜክሲኮ ወዲያ ወዳለ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ ፈረንጆች ውሾቻቸውን የሚያሳክሙበት ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ ጸጥ ያለ ነው። አንዲት ድመት ቅርጫት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ወረፋ ትጠብቃለች፤ አይኗን ጨፍና የምታስብ ትመስላለች። እኔ እሷን ሳይ አስካለ ትዝ አለችኝ። አስካለ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወረፋ ስትጠብቅ መቀመጫ አልነበራትም፤ መሬት ላይ ነበረች። ልቤ ያን ጊዜ ነው የጠቆረው። እዚያ ወንበር ላይ፣ ድመት እያየሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። ለሕመሙ መርፌ ወጋው፤ ቁስሉን አጠበው። "አጥንቱ በቀዶ ጥገና ተገጥሞ ብረት ካልገባለት ቁስሉ ይመረዝና ይገድለዋል፤ ቢዘገይ እስከ ሰኞ ነው" አለ። ዋጋውን ነገራት። ከጡረታዋ ላይ ሳትበላ ሳትጠጣ ዓመት ብታጠራቅም ነው የሚሞላው።

እትዬ ዘርፌ ሳቀች። "የእኔንም ጉልበት ጨምረህ ነው?"

"ብረቱም መድኃኒቱም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ እማማ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ካልሆነም ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። እሱ ብዙ አያስከፍልም።"

"ለመግደሉማ ሚኒባሱ ይበቃው ነበር" አለችና ነጠላዋን መልሳ ጠቀለለችበት።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ውሻው ጭኗ ላይ አንቀላፋ። በመስኮት የሚያልፈውን እያየች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ጠየቀችኝ።

"ሽፌ፣ እኔ ስሞት እድሩ የሚያወጣልኝ ገንዘብ አለ አይደል?"

"አለ፣ እትዬ።"

"ድንኳኑ፣ ሳጥኑ፣ ንፍሮው፣ ሁሉ ሲደመር?"

"አዎ።"

"እሱን አሁን ይስጡኝ። ስሞት ሰሌን ይበቃኛል። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚያለቅስልኝ ወንድም የለኝም። ስንት ዘመን የከፈልኩት ነው፣ ልመና አይደለም። እሁድ ንገርልኝ፣ አንተ አፋችን አይደለህ?"

"እነግራለሁ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እነግራለሁ ብዬ የውሻውን ራስ ዳሰስኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮሚቴው እድር ቤቱ ተቀመጠ። ሰብሳቢያችን መምህር ታደለ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ስለሚያፈሰው ድንኳን ተነጋገሩ። ተውሳ ሄዳ ተበስታ ስለመጣች አንዲት ብረት ድስት ደግሞ ክርክር ተነሳ፤ ከሰው ጉዳይ ይልቅ በእሷ ብዙ ተጨቃጨቁ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ፀሐይ በቆርቆሮው ሽንቁር ገብታ አቧራው ውስጥ ትዋኛለች። ሁሉም ነገር ሩቅ ሆነብኝ፤ ሰዎቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ፣ ቃላቸውን አልሰማም። መጨረሻ ላይ መምህር እንደልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሽፈራው፣ ሌላ ጉዳይ አለ?"

"የለም" አልኩ።

ይኸው ነው። ኃጢአቴ ይችን ታህላለች፤ በአንድ ትንፋሽ የምታልቅ ናት። የለም አልኩ። ድስቷን ተሸክሜ ወጣሁ።

ለምን? ብዙ ዓመት ለራሴ ስመልስ የኖርኩት፣ ይስቁባት ነበር፣ ከመሳለቂያ ነው ያዳንኳት እያልኩ ነው። ውሸት ነው። ደንቡ አይፈቅድም፣ እድር ለቀብር እንጂ ለሕክምና አልቆመም እያልኩም ሞክሬያለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ደንቡን መናገር የኮሚቴው ሥራ እንጂ የእኔ አልነበረም። ለሰው ያልተደረገ ለውሻ ሊደረግ ነው ወይ ብዬ ተናደድኩ ብልህ ትቀርባለህ። አሁንም ግን አልደረስክበትም።

እውነቱን ልንገርህ። ከዚያ በፊት አስካለ የሐሞት ጠጠር ታማ አይኗ ቢጫ ሆኖ ነበር። የመንግሥት ሆስፒታሉ ወረፋ ሩቅ ነው፣ የግሉ ዋጋ አይቀመስም። አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ሆና፣ "እድሩን ብትጠይቃቸውስ? ኋላ ለቀብሬ የሚያወጡትን" አለችኝ። እኔ ግትር ነኝ። ስንቱን ሰው ከደጅ የመለስኩ፣ እድር ቀባሪ ነው እንጂ አሳካሚ አይደለም ስል የኖርኩ ሰው፣ ለራሴ ሲሆን እጄን ልዘረጋ? "አይሆንም፣ ደንቡን አውቃለሁ" አልኳት። ዳግም አልጠየቀችኝም። ወረፋዋ ሳይደርስ ሞተች። እድሩም ሁለት ድንኳን ተከለ፤ ሳጥኗ ያማረ ነበር፤ አስካለ አምሮባት ተቀበረች ተባለ። ያን ሁሉ ገንዘብ አፈር ላይ ሲያፈሱት ቆሜ አየሁ።

እንግዲህ ያቺ እሁድ የእትዬ ዘርፌን ቃል ባቀርብ፣ እነዚያ ሰዎች እምቢ ቢሉ ምን ቸገረኝ? እኔ የፈራሁት እምቢታቸውን አይደለም። እሺ ማለታቸውን ነው። ለውሻ እሺ ካሉ፣ ለአስካለ እሺ ሊሉ ኖሯል ማለት ነው። አስካለን የገደላት ደንቡ ሳይሆን የእኔ አፍ ነው ማለት ነው። ይህን ላለመስማት ስል ነው የለም ያልኩት። ይህን ላለመስማት አንድ እንስሳ በእግሩ ቁስል እንዲሞት ተውኩ።

ማታውን እትዬ ዘርፌ ደጇ ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

"አልፈቀዱም" አልኳት።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"መምህርም?"

"መምህርም።"

አየህ፣ እዚያ ላይ ልመለስ እችል ነበር። ሁለት ጊዜ በር ከፈተችልኝ፣ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። እሷ ግን፣ "በል እግዜር ይስጥልኝ፣ በእኔ ምክንያት ደከምክ" አለችኝ። አመሰገነችኝ።

ሰኞ አለፈ። ቁስሉ ሸተተ፤ ቦቢ ውሃ እንኳ አልቀምስ አለ። እሷ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣራው ስር ተቀምጣ ዋለች፤ ዝናብ ይጥላል፣ ጠብታው ከቆርቆሮው እየተንጠባጠበ ነጠላዋን ያረጥባል። ሲሞት ጠራችኝ። ከሰፈራችን ግርጌ ባለው ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ስር ቆፍሬ የቀበርኩት እኔ ነኝ። የገደለውም የቀበረውም አንድ እጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘርፌ ሌላ ሰው ሆነች። የእድር መዋጮዋን አስታጉላ አታውቅም፤ በእኔ እጅ ትልካለች። ለቅሶ ቤት ግን እስከ አጥሩ መጥታ፣ ለሟች ነፍስ ይማር ብላ ትመለሳለች። ከማንም ቤት ውሃ አትቀምስም። መምህር ታደለ መንገድ ላይ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ሲሏት አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሰፈሩ፣ ለውሻ ብላ ሰው ጠላች፣ እርጅና ነው አለ። ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷ የሰፈር ሰው ሁሉ የተዋት መስሏት ብቻዋን ኖረች፤ ማንም አልተዋትም ነበር። የተዋት አንድ ሰው ነው፣ እሱም በየወሩ መዋጮዋን ሊቀበል ደጇን የሚያንኳኳው።

ዓመታት ቆይታ አረፈች። ጎህ ሲቀድ ጥሩንባዬን አነሳሁ። ነፋሁ፤ ግን ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም፣ ከሩቅ የሚመጣ እንስሳ ጩኸት ነበር የሚመስለው። የማትፈልገውን ድንኳን ተከልንላት፤ የማትፈልገውን ሳጥን ገዛንላት።

ድንኳኑ ውስጥ መምህር ታደለ አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተው ነበር፤ ንፍሮውን በመዳፋቸው ይዘው ሳይበሉት ቆዩ።

"ሽፈራው፣ ይህች ሴት ምን አድርገናት ነው የተቀየመችን?" አሉኝ። "ያኔ ውሻዋ ሲታመም ለማሳከሚያ አጥታ ነው ይላሉ። ምናለ ብትነግረን?"

"ደንቡ..." አልኩ።

"ደንቡን ማን ጻፈው? እኛ አይደለን? የራሷ ገንዘብ፤ እሺ እንላት ነበር።"

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ የሸሸሁት እሺ ንፍሮ ላይ መጥቶ ያዘኝ። እሳቸው ስለ ዘርፌ ተናገሩ፤ እኔ የሰማሁት ስለ አስካለ ነው። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። መምህርም አርፈዋል፤ የእሳቸውንም ጥሩንባ የነፋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ሕልሙ ይህን ይመስላል። ውሻው ከፊቴ ይሄዳል፣ ጭጋጉ ይገለጣል፣ ኮሚቴው ወንዙ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ውሃው ከስራቸው ያልፋል። አስካለ ከኋላ ቆማለች፣ አይኗ ነጭ ነው፣ ቢጫ አይደለም። እትዬ ዘርፌ ባዶ ነጠላ ታቅፋለች። መምህር ወደ እኔ ዞረው ይጠይቁኛል። አፌን ስከፍት ጭጋግ ብቻ ይወጣል። ነቅቼ የኮንዶሚኒየሙን ጣራ አያለሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተ ምን አግብቶህ? ይቅር የሚሉኝ ሁሉ አፈር ስር ናቸው፣ አንዱም ወንዝ ዳር። ሰበብም የለኝ፤ ያለኝን ሰበብ ሁሉ ከላይ አይተኸዋል፣ ውሃ አያነሳም። አንድ ነገር ብቻ ልፈጽም። ኮሚቴ የለም፣ እድር ቤቱም የለም፤ አንተ ቁጭ ብለህ ሰምተኸኛልና አንተ ሁንልኝ። ሌላ ጉዳይ አለ ወይ ብለህ እንደጠየቅኸኝ ቁጠረው።

አለ። እትዬ ዘርፌ የቀብሯን ገንዘብ ለቦቢ እግር ማሳከሚያ ይሰጠኝ ትላለች። ቢዘገይ እስከ ሰኞ ነው። ስሞት ሰሌን ይበቃኛል ብላለች።