ለከንቲባው የሰጠሁት ጸሎት

ከንቲባው ካርቱን ነው። ሰማያዊ ኮት ይለብሳል፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ሲዋሽ ፂሙ ወደ ላይ ይታጠፋል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ስለሚኖር ቤተሰብ በሚያወራ የውጭ ተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ሆሳዕና ውስጥ ግን ለሁለት ወር ያህል ከእሱ የበለጠ የታወቀ ባለሥልጣን አልነበረም። አማርኛ ያናገርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ፣ እናቴ ቤት እንጀራ ከመጨረስ በቀር ሌላ ሙያ ያልነበረኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ጓደኛዬ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ጋቢ ቸንክረን፣ ስልካችንን እንደ ማይክ አቁመን፣ የካርቱኑን ሰዎች አማርኛ እናናግራቸው ነበር። ትርጉም እንዳይመስላችሁ። እነሱ ስላሉት ነገር ደንታ አልነበረንም። ምስሉ የእነሱ፣ ወሬው የእኛ ነበር፤ የባጃጅ ሰልፍ፣ የመብራት መጥፋት፣ ቢሮ ሄዶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» መባል። የሠራነውን ለጓደኞቻችን በስልክ እንልካለን፣ እነሱም ለሌላ ይልካሉ።

የዚህ ሥራ ችግሩ አፍ ነው። የካርቱን ሰዎች ለፍላፊዎች ናቸው። እኛ የምንለው ያልቅና የሰውዬው አፍ ገና ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ያን ጊዜ ጓደኛዬ እጁን እያወናጨፈ «አልዘጋም! አፉን አልዘጋም፣ ሙላበት!» ይለኛል በሹክሹክታ። እኔም የመጣልኝን እጨምራለሁ። ከሥራችን ሁሉ ሰው የሚስቅበት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሳይታሰብ የተጨመረው ነበር።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የውሃ ሥራ ክፍል ኃላፊ። አማርኛ ሲናገር መግለጫ የሚያነብ ይመስል ነበር። «ዳቦ አልቋል» ለማለት «የዳቦ አቅርቦት ክፍተት ተስተውሏል» ይላል ብል ብዙም አልዋሸሁም። እህቴና እኔ በዚህ እንስቅበት ነበር፤ እሱም መሳቃችንን ያውቃል፣ እያወቀ ይብስበታል። ሀዲይኛ ሲናገር ግን ሌላ ሰው ነው። አጭር፣ ግልጽ፣ ትንሽ አፋር። የሚጸልየውም በሀዲይኛ ነበር።

እራት ሳይቀርብ እንጸልያለን፤ በሰፈራችን ብዙው ቤት እንደዚያ ነው። በእኛ ቤት የሚጸልየው አባቴ ነበር፣ ድምፁን አውጥቶ። የቀኑን ጥፋት በሚስቱና በልጆቹ ፊት ቆሞ ለእግዚአብሔር ይናገራል። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበርና ለሰው ሁሉ የሚመክረው እሱ ነው፤ የራሱን ግን እኛ ብቻ ነን የምንሰማው። ሹፌሩን ያለ ጥፋቱ እንደተቆጣ፣ በወንድሙ እንደቀና፣ ቢሮ ውስጥ እውነት መናገር ሲገባው ዝም እንዳለ፣ ሁሉንም ያወቅሁት በጸሎቱ ነው። ከዚያ «አሜን» እንላለን፣ እንበላለን፣ የተባለው እዚያው ይቀራል። «ወደ ውጭ እንዳታወጡ» ብሎን አያውቅም። ይህን ለልጅ መናገር ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን በአንድ የገጠር ቀበሌ የውሃ ቦኖ ሊመረቅ እንግዶች ከላይ መጡ። መስመሩ አላለቀም ነበር። ቀኑ ይራዘም ሲባል የበላዮቹ እንቢ አሉ። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ በቦቴ ውሃ አምጥተው ማጠራቀሚያውን ሞሉት። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቦኖው ተከፈተ፣ ውሃው ወረደ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቀ። አባቴ ያን ዕለት ማታ ሲጸልይ ድምፁ ተቆራረጠ። አንዲት አሮጊት ሁለቱን እጆቹን ይዛ መርቃው ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ውሃው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ስትመርቀኝ አሜን አልኩ» አለ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ራቡ እየሞረሞረኝ ነበር። እንዲህ መሆኔን ልደብቅ አልፈልግም።

ከወራት በኋላ ጓደኛዬ የካርቱኑን የምርጫ ክፍል አመጣ። የቤተሰቡ አባወራ ደጁ ላይ ያለው ቧንቧ ደርቆበት ቢሮ ሊጮህ ሄዶ፣ በተሳሳተ መስኮት ተሰልፎ ሳያውቀው ለከንቲባነት ይመዘገባል። ነባሩ ከንቲባ በየምርጫው ያንኑ አንድ ፏፏቴ የሚመርቅ ሰው ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ የእህቱ ልጅ በባልዲ ውሃ ያፈስለታል። በመጨረሻ አባወራው በአንድ ድምፅ ይሸነፋል፤ ለራሱ መምረጥ ረስቶ። እኛ በሳቅ ሞትን። ምን እንጨምርበት? ካርቱኑ ራሱ ሆሳዕናን የሚያውቅ ይመስል ነበር።

ከንቲባውን እኔ ያዝኩት። የአባቴን የስብሰባ አማርኛ ሰጠሁት፣ ጉሮሮ መጥረጉን ሳይቀር። «ውድ የከተማችን ነዋሪዎች፣ የፏፏቴ ተደራሽነትን ከማረጋገጥ አንጻር…» እስከዚህ ድረስ ተራ የልጅ ቀልድ ነበር፤ አባቴም ቢሰማ ይስቅ ነበር። ከዚያ ግን ከንቲባው ብቻውን ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ የቀድሞ ከንቲባ ፎቶ የሚያወራበት ትዕይንት መጣ። ወሬው ረጅም ነው። የያዝነው ጽሑፍ ግማሽ ላይ አለቀ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጓደኛዬ እጁን ያወናጭፋል፣ «ሙላበት!»

እኔም ሞላሁበት። የመጣልኝ የአባቴ ጸሎት ነበር። በሀዲይኛ የሰማሁትን ቃል በቃል በአማርኛ አልኩት፣ በአባቴ ድምፅ፣ መቆራረጡን ጨምሬ። አሮጊቷን፣ ሁለቱን እጆች፣ ዘጠኝ ሰዓትን። «ስትመርቀኝ አሜን አልኩ» ስል የከንቲባው አፍ ልክ ተዘጋ። እንዲህ ገጥሞልን አያውቅም። ጓደኛዬ ወላጆቹ ከሰሜን የመጡ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ሀዲይኛ የሚችለው ለገበያ ያህል ነው፣ የቤታችንንም ጸሎት ሰምቶ አያውቅም። ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«ፈጠርኩት» አልኩት።

በሳምንት ውስጥ ከተማው ሁሉ ጋ ደረሰ። ዱራሜም፣ ሀቢቾም ደረሰ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲባል ሹፌሩ «አሜን አልኩ» ይላል። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ አልቋል ሲባል፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው እንዴ?» ይባላል። ድምፄን የለዩ እኩዮቼ መንገድ ላይ አስቁመው «ከንቲባው!» ይሉኝ ነበር። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ነበርኩ። ቤት ስገባ ግን እናቴ ዓይኔን አታይም ነበር።

አባቴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። «እስኪ ያን የምታወሩለትን ካርቱን አሳየኝ» አለ። ስልኬን ሰጠሁት፣ አጠገቡ ቆምኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየው። በስብሰባ አማርኛው ላይ ሳቀ፤ ምዬ እናገራለሁ፣ ሳቀ። ወደዚያ ትዕይንት ሲደርስ ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም፣ የአጥሩን ቆርቆሮ ሳይ ቆየሁ። ሲያልቅ የስልኩን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መለሰልኝ።

«ድምፁ የአንተ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጎበዝ ነህ» አለኝ። ተነስቶም እጁን ሊታጠብ ገባ።

እኔ ቂል ይህን ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ። አላወቀም አልኩ። በአማርኛ ስለሆነ፣ ከካርቱን አፍ ስለወጣ፣ የራሱን ቃል አላወቀውም ብዬ አሰብኩ። ሰው የራሱን ጸሎት አያውቅም ብሎ የሚያስብ ከእኔ በቀር ማን አለ? በዚያው ማታ እራት ሲደርስ ሁላችንም ቆመን ስንጠብቀው፣ አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ «ዛሬ አንቺ ጸልዪ» አላት። በማግስቱም እንደዚሁ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የአባቴ ድምፅ ለጸሎት ተሰምቶ አያውቅም። ደክሞት ነው አልኩ። ጉሮሮውን ነው አልኩ።

በወሩ ከኃላፊነቱ ተነስቶ ቦኖሻ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ፣ ተራ ባለሙያ ሆኖ። «የተለመደ የሥራ ዝውውር ነው» አለን። ሰኞ ይሄዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። እናቴ የሳምንቱን ስንቅ ትቋጥርለታለች፣ እሱ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ይወርዳል፣ በፎቶ ቤቱ ፊት ያልፋል። ብዙ ጊዜ ልነግረው ተነስቻለሁ። «አባዬ፣ ያ ነገር…» ብዬ ጀምሬ ስለ መኪና ጥበት አውርቼ ጨርሻለሁ።

በኋላ ያን ካርቱን ያዩ ሰዎች ለአንድ የድምፅ ሥራ ከአዲስ አበባ ጠሩኝ። ልሄድ ስል እንደ ወጉ አባቴ ሊመርቀኝ ቆመ፣ እኔም ዝቅ አልኩ። እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ከንፈሩ እንደሚንቀሳቀስ በትንፋሹ አውቅ ነበር፤ ቃል ግን አልወጣም። አሜን የምልበት ቦታ አጣሁ። እጁን ሲያነሳ ብቻ ቀና አልኩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ረቡዕ ቦኖሻ ውስጥ ቢሮው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ደም ግፊቱ ጣለው። አልደረስኩበትም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት የድሮ መሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነበሩ፤ ያን የምረቃ ቀን ቦቴውን የነዱት እሳቸው ናቸው። የአባቴን ደግነት ሲያወሩ ቆዩና፣ የማውቅ መስሏቸው፣ ስለ ግምገማው ጀመሩ።

«እንግዲህ ያ ካርቱን የወጣ ሰሞን ተሰበሰብን። ምስጢሩን ማን አወጣው ተባለ። ሁሉም እኔን ያያል። የነዳሁት እኔ ነኛ! ከሥራ ልባረር ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አባትህ ተነሱ። ‹እሱን ተዉት፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ› አሉ።»

«‹ለማን ነው የተናገሩት?› ተባሉ» ብለው ሹፌሩ ትንሽ ፈገግ አሉ። «‹ለእግዚአብሔር› አሉ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። ሰብሳቢው ‹ታዲያ እግዚአብሔር ነው ለካርቱን ሠሪዎቹ የነገራቸው?› አላቸው። አባትህ ግን ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጻፉት› ብለው ተቀመጡ። እኔማ የገጠር መንገድ ላይ ስለምውል እስከ ዛሬ የማን ሥራ እንደሆነ አላውቅም። ያን ያደረገውን ልጅ ግን እግዚአብሔር ይይለት።»

«አሜን» አልኩ።

ከድንኳኑ ወጥቼ እናቴ ወዳለችበት ጓዳ ገባሁ። ፎንቆ ከምትኖረው እህቷ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩና «አባዬ ያውቅ ነበር?» አልኳት። ስለምን እንደምጠይቃት አልጠየቀችኝም።

«ሳታሳየውም ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ቢሮ ሰምቶት ነው የመጣው። ‹ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ይሰበራል› አለኝ።»

«ለዚህ ነው ጸሎት የተወው?»

«ማን ተወ? ዓርብ ዓርብ ሲመጣ፣ አንተ በሌለህበት፣ ጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ይጸልይ ነበር። ቆሞ፣ እንደ ድሮው፣ ድምፁን አውጥቶ።»

«ምን ይል ነበር?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። እዚያ ሲሆን ማንም እንዳይጠጋው አስጠንቅቆን ነበር።»

እሷ ይህን እስክትለኝ ድረስ አንድ ተስፋ ነበረኝ። አባቴ ስለ እኔ የተናገረውን አንድ ሰው ሰምቶ ይሆናል፣ አንድ ቀን ይነግረኛል የሚል። ይቅር ብሎኝ ከሆነ የተናገረው እዚያ ጓሮ ነው፣ በሀዲይኛ፣ ሰው እንዳይሰማው ተጠንቅቆ። እንዲጠነቀቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።