ደረቅ ወንዝ ላይ የተማርኩት ዋና

ዛሬ ደጋው ላይ ሲዘንብ ውሎ፣ ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ስሄድ እርጥብ አሸዋ እርጥብ አሸዋ ሸተተኝ። ወንድሜ ታዬ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ቀይ ባሕር ላይ ባለች ደሴት ወታደር ነበር። ፈቃድ ወጥቶ የመጣ ጊዜ ደቻቱ ይዞኝ ወረደ። ጠብታ ውሃ አልነበረም። አሸዋው ላይ በሆዴ አስተኝቶ ዋና ያስተምረኝ ጀመር። ሳድግ ባሕሩን ሊያሳየኝ ነው።

"መጀመሪያ ዳር ቆመህ ማዕበሉን እየው። ከበረታ አትግባ። ለባሕር ደግሞ ጀርባህን አትስጥ።"

"ከወሰደኝስ?"

"አትታገለው። ተንሳፈፍ፤ ከዚያ ቀስ ብለህ በጎን በኩል ውጣ።"

አሸዋ እየቃምኩ በጎን በኩል ስሳብ፣ ማገዶ በግመል ጭነው የሚያልፉት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ቆመው ሳቁ።

"አቦ ታዬ! ልጁን በደረቅ ልታሰምጠው ነው?"

"ወላሂ አዴ፣ ከእኔ ይሻላል!"

ታዬ ወደ ደሴቷ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ። ባሕር ይሁን ጥይት የነገረን የለም። አስከሬኑም አልመጣም። ለቅሶው ላይ አዴ ፋጡማ አጠገቤ ተቀምጠው ራሴን ዳበሱኝ።

"ወንድምህ መውጫውን ያውቃል" አሉኝ። "በጎን በኩል ሲሄዱ መንገዱ ይረዝማል፣ ልጄ።"

አሁን ጎርፉ ከላይ እያጓራ መጣ። ሰው ሁሉ ሮጦ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ ግን ፊቴን ወደ ውሃው እንዳደረግሁ፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ።