አንድ በር ያላት መናፈሻ

ደሴ ስዳር ቤታችን ከፒያሳ ፎቆች ጀርባ ነበር፤ ፀሐይ ዝር የማትልበት ጓሮ። ከቢስቲማ፣ ፀሐይ እንደ ልብ ከሆነበት አገር መጥቼ ለአራስ ልጄ ፀሐይ ፍለጋ ስንከራተት፣ አይጣል ነው! መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ከፎቆቹ መሀል የተረፈች ትንሽ መናፈሻ ነበር። ጥቂት አግዳሚ፣ ጥቂት ጥድ፣ ዙሪያዋን የሽቦ አጥር፤ በሯ ደግሞ አንድ ብቻ።

ይህ የበሩ ነገር ከመጀመሪያውም አልጣመኝም። ዘመኑ የአፈሳ ነው፤ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ከገበያም ከመንገድም እየታፈሰ ወደ ጦርነት የሚጫንበት። እኔን ምን አገባኝ? ልጄ ሴት፣ ገና ጡት የምትጠባ፤ ባሌ የአሰብ መንገድ ሹፌር፣ የመንግሥት ዕቃ ስለሚጭን የማይነኩት። ቢሆንም፣ በሩን ሳላይ አላጠባም ነበር።

ከጎኔ ባለው አግዳሚ ለማትሪክ የሚያጠኑ ሁለት ጓደኛሞች ይቀመጡ ነበር። አንዱ ረጅም፣ ጢም ያበቀለ፣ ዝምተኛ። ሌላው አጭር፣ ቀልደኛ። ልጄ የማታውቀው ሰው ሲነካት መናፈሻውን በጩኸት ታናጋዋለች፤ ቀልደኛው ይሄን ስላየ፣ "እታለም፣ ይቺ ልጅሽ ካድሬ ልትሆን ነው መሰለኝ" እያለ ያሾፍብኛል። "አፍህን ዝጋ፣ ታስበላናለህ!" እለዋለሁ፤ እየሳቅሁም እየፈራሁም።

አንድ ቀን ጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ታጣቂዎች ወርደው በሩን ያዙት። ሁለቱ ልጆች ደብተራቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

ልጅ ያቀፈውን ይተውታል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት አላህ ይወቅ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። የቀረበኝ ረጅሙ ነው። ደብተሩን ከእጁ መንትፌ ሻርፔ ሥር ከተትኩና ልጄን ደረቱ ላይ ለጠፍኳት። "ተነሥ፣ ቤታችን እንሂድ!" አልኩት ጮክ ብዬ።

በሩ ጋ ስንደርስ ልጄ ጩኸቷን ለቀቀችው። ያ ረቢ! ታጣቂው ጠመንጃውን አጋድሞ መንገዱን ዘጋብንና፣

"ያንተ ናት? ምነው ታዲያ አላወቀችህም?" አለው።

እኔ ቱግ አልኩ። ንዴቱ የእውነቴን ነው፤ ባሌን የምለውን ነው ያልኩት። "ከየት ታውቀው? አሰብ አሰብ እያለ ቤቱ የሚያድረው በወር አንድ ቀን! አባት ነኝ ይላል ደግሞ!"

ታጣቂው ሳቀ። "የኔይቱም እንዲሁ ናት" አለና ጠመንጃውን አነሣልን።

ወጣን። ረጅሙ ሊዞር ሲል ክንዱን ቆነጠጥኩት። "እንዳትዞር!" እኔ ግን ዞርኩ። ቀልደኛው አግዳሚው አጠገብ ቆሞ ያየናል። ጓደኛውን አንዴ በስሙ ቢጠራው ኖሮ ሁላችንም አልቆልን ነበር። አልጠራውም። ታጣቂ ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ሲነዳውም ዝም እንዳለ ሄደ።

መስጊዱ ማዶ ስንደርስ ረጅሙ ልጄን መለሰልኝ።

"እታለም" አለኝ፣ "ሌላ ልጅ የለሽም?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ተመልሼ ጓደኛውን እንዳወጣለት ነው ለካ።

"ወላሂ የለኝም" አልኩት። "ይቺው ብቻ ናት ያለችኝ።"