የሊማሊሞ ቅጠል

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ለልጃችን ከገበያ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ገዝቶላት ገባ። አረንጓዴ ነው፤ ጥርሱ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ቤቱ በሙሉ አዲስ ጎማ አዲስ ጎማ ሸተተ። ልጅቱ ምሳዋን ትታ አልጋው ላይ ስታስሮጠው ቆየችና፣ «እማዬ፣ እንዲህ ያለ የጥንት ነገር ውጭ አገር እንጂ እኛ አገር የለም አሉን» አለችኝ። «ማነው ያለሽ!» ብዬ የጮኽሁት ጩኸት ራሴንም አስደነገጠኝ። ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» አለ። ምን እንደሆንሁ ለመናገር ወደ ልጅነቴ መመለስ አለብኝ።

ደባርቅ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ሳይንስ የሚያስተምሩን ቲቸር ሙሉነሽ ነበሩ፤ ከዳባት የመጡ፣ ቀጭን፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት። የዳይኖሰር ትምህርት የደረሰ ዕለት መጽሐፉን አልገለጡም። ከየቤታችን አመድ በፌስታል አስመጥተው፣ ከኳስ ሜዳው ጎል ተነሥቶ እስከ መሐል የሚደርስ ዳይኖሰር በአመድ ሣሉና ክፍሉን በሙሉ ሰውነቱ ውስጥ አቆሙን፤ እኔ ጭራው ስለደረሰኝ አኩርፌ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደባርቅ ውስጥ ያላነሣነው አጥንት የለም፤ የአህያ መንጋጋ፣ የበሬ ቀንድ፣ ከጅብ የተረፈ ቅልጥም ሁሉ «ዳይኖሰር ነው» እያልን ጠረጴዛቸው ላይ ቆለልንባቸው። እሳቸውም አንዱንም ሳይንቁ አገላብጠው ያዩና፣ «ይኸ እንኳ አምና የሞተችው የጎረቤታችሁ አህያ ትመስለኛለች» ይሉን ነበር።

በኋላ ግን እውነቱን ነገሩን። የእኛ ተራራ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ የመጣው ዳይኖሰሮች ካለቁ በኋላ ስለሆነ እነሱን እዚህ አታገኟቸውም፤ ሌላ ነገር ግን አይጠፋም ብለው አንድ ቅዳሜ ሊማሊሞን ይዘውን ወረዱ። መንገድ ሠራተኞች ገደሉን በቆረጡበት አንድ መታጠፊያ፣ በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ግራጫ ለስላሳ ድንጋይ በስሱ ተነባብሮ ነበር። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሰይድ አንዱን ቢፈነክተው እንደ ዳቦ ለሁለት ተከፈለ፤ ውስጡ ቅጠል! ጅማቱ አንድ ሳይቀር ይታያል፤ ዳሩን ትል በልቶታል። ቲቸር ሙሉነሽ ድንጋዩን ተቀብለው መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። «ይኸን ቅጠል የበላው ትል የሰው ልጅ ሳይፈጠር ጠግቦ ያደረ ነው» አሉን። ሰይድ ድንጋዩን ለማንም አላሸክምም ብሎ ያን ሁሉ ዳገት ብቻውን ተሸክሞት ወጣ።

ድንጋዩ ክፍላችን ከገባ በኋላ ሌሎች ክፍሎች ሁሉ እየተሰለፉ ያዩት ነበር። የቄስ ትምህርት ያስተማሩን የኔታ ሳይቀሩ መጥተው ዳሰሱትና «የኖኅ ውኃ ያስቀረው ነው» አሉ። ቲቸር ሙሉነሽም «ማየቱን ይዩት እንጂ የኔታ፣ በዕድሜው ሌላ ቀን እንከራከራለን» ብለዋቸው ተሳሳቁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደብተርና ኳስ የሚለግሱ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ዳይሬክተራችን፣ ይህን ሰው አንቱ ማለት የተውሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፣ ለእንግዶቹ መሪ የሚያለብሰውን ጋቢ ሸማኔው አላደረሰለትም። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ እሱስ እውነት ነው፤ ግን የራስህን ስጥ! ዳይሬክተሩ ክፍላችን ገብቶ ድንጋዩን አንሥቶ ወጣ። ቲቸር ሙሉነሽ ተከትለው «ይኸ እኮ የልጆቹ መማሪያ ነው» ቢሉት፣ «ደንጊያ አይደለም እንዴ! ሌላ ያመጣሉ፤ ሊማሊሞ ከደንጊያ ሌላ ምን አለው?» አላቸው። ሰልፍ ላይ ሲያስረክበው እንግዳው እንኳ ተሳቅቆ በአስተርጓሚው በኩል «ለልጆቹ አያስፈልግም ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ዳይሬክተሩ «ኧረ በደስታ ነው!» አለና ወደ እኛ ዞሮ እጁን አነሣ፤ አጨብጭቡ ማለቱ ነበር። ሰልፉ አጨበጨበ። ሰይድ ብቻ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆመ፤ በማግስቱም ለዚያ ተገረፈ።

በሳምንቱ ቅዳሜ እንደገና ወረድን። ዝናቡ ገደሉን ንዶ ያን መታጠፊያ ሞልቶታል። ቲቸር ሙሉነሽ ጥፍራቸው እስኪደማ አፈሩን ሲዝቁ ዋሉ፤ አንድም አልተገኘ።

ያ ሰው ኋላ ሹመት አግኝቶ ስለ ቅርስ ጥበቃ ንግግር ሲያደርግ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ተነሥቼ ወጣሁ። ግን የሚያንገበግበኝ ድንጋዩ አይደለም፤ ድንጋይማ ተቆፍሮ አንድ ቀን ይገኝ ይሆናል።

ድንጋዩ በተወሰደ በዓመቱ የአክስቴ ልጅ ከመካነ ብርሃን መጥታ እኛ ቤት ተቀመጠችና ቲቸር ሙሉነሽ ዘንድ ሰባተኛ ክፍል ገባች። አንድ ቀን ዐይኗን ጨፍና «ቅሪተ አካል ማለት በጥንት ዘመን የኖሩ ዕፅዋትና እንስሳት በድንጋይ ውስጥ የተዉት ቅሪት ነው» እያለች ስትሸመድድ አገኘኋት።

«ቲቸር ሌላ ምን አሏችሁ?» አልኋት።

«ምንም። ለፈተና ይመጣል፣ በቃላችሁ ያዙት አሉን። አንድ ልጅ ‹እርስዎ አይተው ያውቃሉ?› ብሎ ጠየቃቸው።»

«ምን አሉት?»

«‹አላየሁም› አሉና ሰሌዳውን አጠፉት።»