እርጥቡ ጋርባሳር

ዛሬ አቧራው ሲነሳ የበሩን ሥር ልደፍንበት ጨርቅ ነከርኩ። የእርጥቡ ጨርቅ ሽታ ወዳደግኩባት ከተማ ወደ ቀብሪበያ፣ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

የአንበጣ መድኃኒት መጋዘን ተቃጥሎ ጭሱ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ፣ አያቴ ለማለት አዬዮ የምላቸው አሮጊት ጎረቤታችን እኔንና እናቴን ቤታቸው አስገቡን። የራስ ሻርፓቸውን፣ ጋርባሳሩን፣ ውሃ ነክረው የበሩን ሥር ደፈኑበት።

«ሽማግሌው ባለቤትዎስ?» አለች እናቴ።

«መስጊድ ነው። እዚያው ይቆይ፤ ለዛሬ እንኳ እኔን ትቶ አላህን ይነዝንዝ።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። እናቴ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ! ልጅሽን ልትገድያት ነው?»

እንግዳ መልሰው የማያውቁት አዬዮ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆሙ። ማንኳኳቱ እየደከመ ሄዶ ጠፋ።

ጭሱ ሲገፈፍ ባላቸው በደህና ገቡ።

«ቅድም ያንኳኳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ከመስጊድ የወጣሁት አሁን ነው።»

አዬዮ ወጥተው ደጁን አዩ። ማንም የለም።

«እንግዲያ የማን ልጅ ነበር?» አሉ።

ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከማስቀመጣቸው በፊት «ያን ቀን መጥተህ ነበር?» ይሉት ነበር።

ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ማታ ማታ በሬን የሚያንኳኳ የለም። አቧራው እየገባ ነው። ጨርቁ እጄ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ድንገት የሚያንኳኳ ቢመጣ ብዬ ግን የበሩን ሥር አልደፈንኩትም።