በሁዳዴ የተደገሰ ሰርግ

አጎቴ ካዛንቺስ ውስጥ ጎሚስታ ነበር። የሰፈሩን ጎማ እየጠገነ ባጠራቀማት ገንዘብ ሳይክል የገዛልኝ እሱ ነው፤ ክለብ ገብቼ በደሞዝ መወዳደር ስጀምርም ከእኔ በላይ የተደሰተው እሱ ነው። ምላሱ ግን አያርፍም። ቀናት የሚፈጅ ውድድር ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለቱንም ስላቋረጥኩ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "ይሄ ልጅ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አይደለም" እያለ ያዋርደኝ ነበር።

ለሦስተኛው፣ ለአምስት ቀኑ ውድድር ስሰናበተው አልጋ ላይ ነበር። ሳንባው አስቸግሮታል።

"ዘንድሮም በፒክአፕ ተጭነህ ከመጣህ ደጄን እንዳትረግጥ" አለኝ። የሚያቋርጡትን ከኋላ እየተከተለ የሚለቅመውን ፒክአፕ ማለቱ ነው።

"አንተ ብቻ ዳንልኝ።"

"እኔን ተወኝ። አንተ ጨርስ በቃ።"

በየቀኑ ውድድሩ ሲያበቃ በአሰልጣኙ ሞባይል እናቴ ጋ እደውላለሁ። መጀመሪያ ቀን "ትንሽ ተሽሎታል" አለችኝ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ መልሷ "ተኝቷል" ብቻ ሆነ። ቀስቅሺው ስላት ሐኪም ከልክሏል አለች። እኔም ሞኙ አመንኩ።

አምስተኛው ቀን ውድድሩ አዲስ አበባ ገባ፤ ካዛንቺስን ስምንት ዙር መዞር። ሕጉ ቀላል ነው፦ መሪዎቹ አንድ ዙር ከደረቡህ ትወጣለህ። እኔ ደግሞ በአጠቃላይ ውጤት የሁሉም መጨረሻ ነበርኩ።

መንገዱ በእኛ ቤት በር ያልፋል። በመጀመሪያው ዙር መታጠፊያው ላይ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ቆሞ አየሁት። እኔን ሲያይ ጡሩምባውን ነፋ። ከመታጠፊያው ወዲያ ግማሽ አስፋልቱን የያዘ ድንኳን አለ። ለቅሶ የሰማሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን እልልታው ቀለጠ። የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ኮስታራ ሰውዬ፣ እያጨበጨበ ይዘላል። ከፊቴ የነበረው ፈረንጅ ተወዳዳሪ ለእሱ የተደረገ መስሎት እጁን እየሳመ ሰላምታ ሰጣቸው።

ሰርግ ነው አልኩ። ደስም አለኝ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ዳገቱን ስወጣ ነው ነገሩ የከነከነኝ። በሁዳዴ ማን ያገባል? ሥጋ የማይቀመስበት፣ ቤተክርስቲያን ተክሊል የማታደርስበት ጾም ነው። ምናልባት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድረው ይሆናል ብዬ ልቤን አረጋጋሁ። በሦስተኛው ዙር ሳልፍ ግን የእናቴ ነፍስ አባት ድንኳኑ አፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ መስቀላቸውን ብብታቸው ስር አድርገው፣ ከሁሉ በላይ ያጨበጭባሉ። እናቴም አጠገባቸው ናት። ፊቷ ይስቃል፤ ነጠላዋን ግን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ጎረቤቱ በሙሉ አለ። ከጎተራ ድረስ ዘመድ መጥቷል። አጎቴ ብቻ የለም። ታሞም ቢሆን በደጁ ሳይክል እያለፈ የሚቀር ሰው አልነበረም።

አምስተኛው ዙር ላይ ሌሎቹ ጥለውኝ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ጡሩምባው ተነፋ። አልቃሿ፣ ሰፈሩን ሁሉ ስታስለቅስ የኖረች ሴትዮ፣ ዜማዋን ፈጥና ወደ ሰርግ ዘፈን ለወጠችው። ግጥሙን ግን ለመለወጥ ጊዜ አላገኘችም። የሰፈሩን ጎማ ሁሉ ሲነፋ ኖሮ ለራሱ ትንፋሽ ስላጠረው ሰው እየዘፈነች ታስጨበጭባለች።

ፍሬን ያዝኩ። ሊቀመንበሩ ሮጦ መጣ።

"ምን ያቆምሃል? ንዳ!"

"ማን ነው ያገባው?"

"ጎረቤት ነዋ!"

"በሁዳዴ?"

"ንዳ ብያለሁ! ሰዎቹ ሊደርቡህ ነው እኮ!" ብሎ ጀርባዬን ገፋኝ። ሞተር ላይ የተቀመጠው ዳኛ ፊሽካውን ነፋ፤ ጡሩምባ ነፊው ደግሞ ምልክት መስሎት መልሶ ነፋ፤ ድንኳኑም ያለ ቦታው እልል አለ። ፒክአፑ ከኋላዬ ክላክስ ያደርጋል። ወርጄ አስፋልቱ ላይ ልንከባለል ምንም አልቀረኝም። ግን እናቴን አየኋት። እያጨበጨበች በዓይኗ "ሂድ" ትለኛለች። ሄድኩ።

ሦስት ዙር እያለቀስኩ ጋለብኩ። መነጽር ባይኖረኝ ጉዴ ነበር። በመጨረሻው ዙር በድንኳኑ ሳልፍ እጄን ከፍ አድርጌ "እንኳን ደስ ያላችሁ!" ብዬ ጮህኩላቸው። ምን ልበል? እነሱ እንደዚያ ሲለፉ ዝም ብዬ ማለፍ ነውር መሰለኝ።

ከሁሉ መጨረሻ ገባሁ፤ ግን አልደረቡኝም። ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ተመለስኩ። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ያዙኝ፤ መርዶ የሚረዳ ሰው ራሱን እንዳይጥል ነው። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ልጄ፣ አጎትህ ዐርፏል። ዛሬ ሠልስቱ ነው። ሳይጨርስ እንዳትነግሩት ብሎ ተናዟል፤ እድር ደግሞ የሟች ቃል አይሽርም።"

እንደ አዲስ ጮህኩ። ወግ ነው፣ ያላወቀ ሰው ልምሰል ብዬ የጀመርኩት ጩኸት አልቆም አለኝ። ቀብሩን ስላስመለጡኝ ተናድጄባቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም።

ጋብ ስል ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ለመሆኑ ጨረስክ?"

"ጨረስኩ። መጨረሻ ወጣሁ።"

ቀና ብሎ ለድንኳኑ "ጨርሷል!" አለ። ሰው ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት ተያየ። ጡሩምባ ነፊውም ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እናቴ ግን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ብድግ ብላ እልል አለች። ይሄኛውን እንድትል ያዘዛት ሰው አልነበረም።